በመጨረሻው ዙር የተመረጠው ልጅ

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ከተማ ቁርስ እየበላን ከጋሼ መኮንን ጋር ስለ አሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን አዲስ ጨዋታ መሪ፣ ስለ ኳርተርባኩ፣ ተከራከርን። ልጁን የመረጡት፣ ቡድኖቹ ጀማሪ ተጫዋቾችን በየተራ የሚወስዱበት ድራፍት ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻው ሰባተኛ ዙር ላይ ነው።

«ቢረባ ኖሮ እስከዚያ ማን ዝም ይለው ነበር? ሲዝኑ ሳይጀመር ያሰናብቱታል» አልኩ።

ጋሼ አልተቆጡም። ፍርፍራቸውን ጎርሰው፣ «ያንተ የዲቪ ቁጥር ስንት ነበር?» አሉኝ።

ቁጥሬ ከኋላ ስለነበር ኤምባሲ የተጠራሁት የዓመቱ ቪዛ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ «አይደርስህም፣ ተወው» ሲለኝ፣ ከዚህ ሆነው የስፖንሰር ፎርሙን ሞልተው የላኩልኝ ጋሼ ናቸው።

ቤት ስገባ ስለ ልጁ ላነብ ስልኬን ከፈትኩ። ስሙን ልጽፍ ስል፣ ለካ ስሙንም አላውቀውም።