ማተሚያ ቤቴን ስለሚዘጋው ትእዛዝ፣ ለአገረ ገዥው

በአሜሪካ የንጉሡ ቅኝ ግዛት አገረ ገዥ ለሆኑት ለክቡር ሰር ላምበርት ፌይን
ማርሽፖርት ወደብ፣ ጥቅምት 1758

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሪህዎስ ተሻለዎት? እኔ ባለቤቴን አሞስን ከቀበርኩ ወዲህ አራት ዓመት ጋዜጣችንን ብቻዬን እያተምኩ፣ ማተሚያዬ እንዲታሸግ እስካዘዙበት እስካለፈው ሰኞ ድረስ ደህና ነበርኩ። ለዚህ ትእዛዝ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል።

አንደኛ፣ «ባል የሌላት ሴት ማተሚያ ቤት ልትመራ አይገባም» ሲሉ ለደካማነቴ ስላዘኑልኝ። ለወታደሮቹ ያቀረቡት ዱቄት መንቀዙን ስለጻፍኩ ተቆጥተው ነው የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ። እኔ አላምናቸውም፤ ባል እንደሌለኝ አራት ዓመት ሙሉ ያላስተዋሉት ሥራ ቢበዛብዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ትእዛዙን እንዳትመው ወደ እኔው ስለላኩት። በሕጋችን ታትሞ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ያልተለጠፈ ትእዛዝ አይጸናም፤ በአራት ቀን መንገድ ውስጥ ደግሞ ከእኔ ሌላ አታሚ የለም። የገዛ መግነዝን መስፋት ደስ ባይልም፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ከእርሳስ ብረት የተሠሩትን የማተሚያ ፊደላት አንድ በአንድ እየለቀምኩ ገጹን ደረደርኩ። አልዋሽም፣ ያቺ ማተሚያ ከተወሰደች ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ሦስተኛ፣ ሸሪፍዎን ኦባዲያ ግሪምስን ስለላኩልኝ። የታተመውን ሊለጥፉ፣ ማተሚያውንም ሊያሽጉ ሲመጡ፣ የለቀምኩት ገጽ ገና ሳይታተም በብረት ክፈፉ ታስሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ወረቀት ላይ ቀንቶ እንዲወጣ የእርሳሱ ፊደል ተገልብጦ እንደሚቀረጽ በማርሽፖርት የማያውቅ የለም። እርሳቸው ግን አፍጥጠው አዩትና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የምን ድግምት ነው? ለጠላት የምትልኪው ምስጢር ነው አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ጌታዬ፣ የአገረ ገዥው ቃል ነው። መስታወት ላምጣልዎት?»

«ዝም በይ። እኔን ነው የምታታልይው?»

ይህን ብለው ክፈፉን አንስተው ደጃፌ ላይ ከሰከሱት። ትእዛዝዎ በጎረቤቶቼ ፊት ጭቃ ውስጥ ተበተነ። ሸሪፉም የሚለጥፉት ስላጡ፣ ያልተለጠፈውን አስፈጽመው ማሸግም ስለማይችሉ፣ ሴራ አከሸፍኩ እያሉ ወደ እርስዎ ገሰገሱ። እንዲህ ያለ ታማኝ ስለሾሙልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

በፊትዎ እጅ ነሥታ የቆመች፣ ትእዛዝ አክባሪ፣ እስካሁንም ያልታሸገች፣
ዶርካስ ዊትሎክ
የ«ማርሽፖርት ዜና» አታሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ያተምኩት ከጭቃው ለቅሜ ባጠብኩት በትእዛዝዎ ፊደል ነው። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ለትእዛዝዎ የተያዘው ቦታ ባዶ እንዳይሆንም፣ ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ለጥፌበታለሁ።