«የለም» ያልኩሽ ነገር

ጅማ፣ በቾ ቦሬ
የካቲት 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሔራን ሣህሉ፣ ኖርዌይ

ልጄ፣ ደብዳቤ «ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ዛሬ ግን እሱን ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ፤ የዋሸሁሽ በጤናሽ ጉዳይ ነውና።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ጡትሽ ላይ ትንሽ እባጭ እንዳገኘሽ፣ ሐኪሟም «በቤተሰብሽ በዚህ የታመመ አለ?» ብላ እንደጠየቀችሽ ነገርሽኝ። «የለም አልኳት፤ ደዶ ያሉት የእማዬ እህቶች ሁሉም ደህና ናቸው። በአንተም በኩል የለም አይደል አባዬ?» አልሽኝ። እናትሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። «የለም» አልኩሽ።

አለ፣ ልጄ። ሁለት ሰው አለ።

አያትሽን «ምች መታት» ያልንሽ ውሸት ነው። አክስትሽ ጥሩወርቅንም የገደላት ጨጓራ አይደለም። ሁለቱም በጡት ካንሰር ነው የሞቱት፤ ጥሩወርቅ ገና በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ። ልብሳቸውን የምሰፋላቸው እኔ ስለሆንኩ ከማንም በፊት አወቅሁ። መጀመሪያ እናቴ «ከግራ ደረቴ በኩል አስፋልኝ» አለችኝ። ከዓመታት በኋላ ጥሩወርቅ ሱቄ መጥታ ያንኑ ቃል ስትደግምልኝ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

«ሣህሉ፣ አፈር ስሆን ለማንም እንዳትናገር! ሴት ልጅ አለህ፤ ማን ያገባታል?» አለችኝ።

ቀሚሷን አሰፋሁላት። በኋላም ቁስሉ እንዳያስታውቅ ከውስጥ ጥጥ አስገብቼ ሰፋሁላት። የሰፈሩ ሰው ወፈረች አለ። አንቺን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ስለ ዘራችን ሲያነሱም አፌን ሞልቼ «ንጹሕ ነው» ብያለሁ። የሰው ልብስ ስለካ ግማሽ ጣት የማልሳሳተው ሰውዬ በገዛ ልጄ ላይ ተሳሳትኩ።

ማክሰኞ ዕለት እዚህ ሰፈር የምትኖረው ዶክተር ሱዓድ ጋውኗን ልታሳጥር መጣች። ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቄ ጠየቅኋት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ በሽታ የሚወርደው በእናት ወገን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ነበር ራሴን የማጽናናው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አለችኝ። «ከአባትም እኩል ይወረሳል። አባትየው ምንም ሳይታመም ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ወንዱን ራሱንም ይይዘዋል። የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ግን ሐኪሟ ማወቅ አለባት፤ ምርመራውም ሕክምናውም በዚያ ይለያያል። ዛሬ ነገ ሳይሉ ለልጅዎ ይንገሯት!»

ሁለት ቀን ቴሌ ሄጄ ሳልደውል ተመለስኩ። ድምፅሽን ስሰማ እንደገና «የለም» እንዳልልሽ ፈራሁ። የጎረቤታችን የለጢፋ ልጅ ነገ ወደ እናንተ ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእጇ ሰድጄልሻለሁ። እንዳነበብሽው ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሐኪሟ ጋ ሂጂ። «አባቴ ዋሽቶኝ ነው» በያት፤ አላፍርም። የአያትሽንና የአክስትሽን ስም፣ የታመሙበትንና የሞቱበትን ዕድሜ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ባልሽም ቢቀየም በእኔ ይቀየም።

እናትሽ ደህና ናት። ይህን ጉዳይ ግን ገና አልነገርኳትም። በየቀኑ «ሔራን ደወለች ወይ?» ትለኛለች፤ እኔም የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ያልሰማሁ እመስላለሁ። በጣም ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።

እመቤቴ በገባሽበት ሁሉ ቀድማሽ ትግባ። ከእኔ የወረስሽውንም ቁመቴን ብቻ ታድርገው።

አባትሽ ሣህሉ

የረሳሁት፦ የላክሽልኝ ነጭ ሸሚዝ ደርሶኛል፤ ያምራል። የግራ ኪሱን ብቻ ፈትቼዋለሁ፤ እስክሪብቶ ስይዝበት ደረቴን እየነካ ያመኛል። በዚያው በኩል ትንሽ አስፍቼዋለሁ።