ስማቸውን ሳትጠሪ እንዳትሠዊያቸው

እየሩስዬ፣

ቁልፉ ጄሪካኑ ስር ነው። ውሃ ሞልቼልሻለሁ።

ለቅዳሜው ውድድር የሠራሁት የካርታ ጥቅል ትራሴ ላይ አለ፤ አንቺ ተጫወችበት። ተፍቀው ባለቁ የሞባይል ካርዶች ላይ የሳልናቸው ትንንሾቹ ፍጥረቶች ናቸው፤ ጥንቸሏ፣ ጃርቱ፣ ያቺ አንድ ዓይና ቆቅ። "የራሱን ልጆች የሚበላ ካርታ ምን ያደርጋል?" ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ግን ያሸንፋል። አንዱን በሠዋሽ ቁጥር ሁለት አዲስ ካርታ ታነሻለሽ፤ ሁሉም አልቀው ፊትሽ ባዶ ሲሆን አሸናፊው ካርታ፣ ዘንዶው ይወጣል። አትዘኝላቸው።

ስም መጥራቱን ብቻ እንዳትረሺ። የቤታችን ሕግ ነው፤ ስሙ ሳይጠራ የሚሠዋ የለም።

እኔ ወደ ቤተሰቦቼ፣ ወደ ቢጠና ከተማ ሄጃለሁ። እናቴ ከአልጋ መነሣት አቅቷታል፤ የሚያስታምማት የለም። ወንድሞቼ ትምህርት ላይ ናቸው።
እኔም እኮ ትምህርት ላይ ነኝ።
ማታ ስነግርሽ አንቺም "አንድ ሴሚስተር ምን አላት?" አልሽኝ። ይሁን።
ሳልሰናበትሽ የወጣሁት እንቅልፍሽን ላለመረበሽ ነው። እንደዚያ ያዢው።

የደወለልኝ ታምራት ነው፤ ታናሼ። አባዬ ስሜን እንኳን አልጠራም።
"ሴቷ ትምጣ" ነው ያለው።
እሺ አልኩ።

ትሕትና