ከጋሼ ኋላ፣ በኮረኮንቹ መንገድ

ሚያዝያ 6

እሁድ። ከጋሼ ጋር በብስክሌት ወጣን። ከድልድዩ ተነስተን የወንዙን ዳር ዳር፣ ከዚያ በአሮጌው ወፍጮ በኩል ኮረብታውን የሚወጣውን ኮረኮንች። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ታላቅ ወንድሜ ሃምሳን ካለፈ ቆየ፤ ዳገት ላይ ግን ያፏጫል። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ምላሴ ወጥቷል።

«ምነው አንቺ፣ እንቁላል ተሸክመሻል እንዴ?»

«ዝም ብለህ ውጣ!»

በዚህ አካባቢ ኮረኮንች የሚወዱ ብስክሌተኞች የሚሄዱባቸውን መንገዶች ያወጣው እሱ ነው። በየሸለቆው ገብቶ፣ በየኮረብታው ዞሮ፣ መኪና የማይደርስበትን እየፈለገ።

ስንመለስ አንዲት ላም ከዳር ወደ መንገዱ ገባች። እኔ ከሩቅ አየኋት። እሱ ግን ጎኗን ታክኮ አለፈ፣ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ከየት መጣች?» አለኝ።

ከየት ትመጣለች፣ ሜዳው ላይ ተገትራ ነበር። ሳቅንበት... አሁን ስጽፈው ግን አላሳቀኝም። እንዴት አላያትም?

ሚያዝያ 13

እነ ጋሼ ቤት ምሳ በላሁ። ብርጭቆ በክርኑ ገፍቶ ሰበረ። ሚስቱ፣ እትዬ፣ «ዘንድሮ ዕቃ ልትጨርስብኝ ነው» ብላ ቀለደችበት። እሱም ሳቀ። እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ሚያዝያ 20

ነገረኝ። ወንዙ ዳር ቁጭ ብለን፣ የተነፈሰ ጎማዬን እየለጠፍኩ።

«ጎንና ጎኑ ጠፍቶብኛል» አለ። ልክ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

«ጠፍቶብኛል ማለት?»

«በቧንቧ ውስጥ እንደማየት በይው። ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ። ዳርና ዳሩ... የለም።»

የዓይን ሐኪሙ ዓምና ነው የነገረው። መድኃኒት የለውም። እየጠበበ ይሄዳል። እስከ መቼ እንደሚያቆየው ሐኪሙም አያውቅም።

ዓምና! ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ታቅፎት...

«መኪናውስ?» አልኩት። ጋሼ የዳቦ ቤት መኪና ነው የሚነዳው። ለየሱቁ፣ ለየትምህርት ቤቱ ዳቦ ያደርሳል።

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«መንገዱንማ ታውቀዋለህ። ድንገት የሚሻገረውንስ?»

ጠጠር አንስቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረ።

«ለእትዬሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ታላቄ ነው። ሲያዘኝ እሺ ማለት ነው የለመድኩት...

ሚያዝያ 23

የምሠራበት ስፌት ቤት ዋልኩ። የአንድ ሆቴል መጋረጃ ነው። ጠርዙን አጣምሜ ሰፋሁ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ አጣመምኩት። የቤቱ ባለቤት «ልብሽ የት ነው ያለው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ሚያዝያ 25

የዳቦው መኪና በስፌት ቤቱ ፊት አለፈ። ልጆች ከትምህርት ቤት እየወጡ ነበር፣ መንገዱን ሞልተውታል። መቀሱን እንደያዝኩ ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ቆሜስ? ምን ላደርግ? አለፈ። ምንም አልሆነም።

ዛሬ ምንም አልሆነም። ነገስ?

ደወልኩለት።

«ነገርካት?»

«እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሚያዝያ 27

ወደቀ።

በገደላማው ቁልቁለት ወደ ወንዙ ስንወርድ። ቀስ በል አልኩት፣ አልሰማኝም። ጭራሽ እልህ ይዞት ፍሬኑን ለቀቀው። ዝናቡ መንገዱን በቀኝ በኩል ቦርቡሮታል። «ግራ! ግራውን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላ ሆኖ ከመጮህ ሌላ ምን ይደረጋል? ዓይኔ እያየ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ትከሻው ወልቋል። ፊቱ ጠጠር ለብሷል። ጃኬቴን አጥፌ ከራሱ ሥር አደረግሁለት። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ስልክ እዚያ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም። አንድ ገበሬ በትራክተር እስኪደርስልን ድረስ እጁን ይዤ ቁጭ።

«መንገዱ ተበላሽቷል» ይላል እያቃሰተ። «ዓምና እንዲህ አልነበረም።»

«አዎ ጋሼ፣ ተበላሽቷል።»

ሚያዝያ 29

ለእትዬ ነገርኳት። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ። ትከሻው ሲድን ተመልሶ መኪናው ላይ ይወጣል፣ ከዚያስ? የሰው ልጅ ቢገጭስ? መሸከም አቃተኝ።

አላለቀሰችም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ደግሞ በብርጭቆ እቀልድበታለሁ» አለች። ደጋግማ እሱኑ።

ከዚያ ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ። ቀጥሎ የእሱ ጩኸት።

«ከዛሬ ጀምሮ ዓይኗን እንዳላይ!»

ዓይኗን እንዳላይ... ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም የሰማው መሰለኝ። እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ግንቦት 11

የመኪናውን ቁልፍ አስረከበ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዱቄት መጋዘን ውስጥ ሥራ ሰጥቶታል። የነገረችኝ እትዬ ናት። እሱ ስልኬን አያነሳም።

ልክ ነበርኩ አይደል? ታዲያ ለምን ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል?

ግንቦት 18

ብቻዬን ወጣሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ።

ግንቦት 26

አልቻልኩም፣ ሄድኩ። እትዬ በር ከፈተችልኝ፤ ፊቷ ጠቁሯል። «ጓሮ ነው» አለች።

ብስክሌቱን ገልብጦ ካቴናውን ዘይት ይቀባል። በዳሰሳ። ኮቴዬን ያውቀዋል፣ ግን ቀና አላለም። አጠገቡ ቆምኩ። የዘይቱ ጣሳ ጎኑ ነው። እጁ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል። ላቀብለው? ባቀብለው ይከፋዋል። ብተወው አንጀቴ አልችል አለ። እጄን አጣምሬ ቀረሁ። በመጨረሻ ራሱ አገኘው።

«ወንዙ ሞልቷል?» አለ። ካቴናውን የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

«ሞልቷል።»

«እንዴት ነው የሞላው?»

ወንዝ እንዴት ነው የሚሞላው? ቀለሙን ልንገረው? ድምፁን? ያን ሁሉ ዓመት ከኋላው ስሄድ ምን ነበር የማየው፣ የእሱን ጀርባ ብቻ?

«ሞልቷል በቃ...»

«እሺ፣ ሂጂ» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 10

እትዬ ስፌት ቤት መጣች። ሐኪሙ ጋ ወስዳው ነበር። የበለጠ ጠቧል። ሲመሽማ ጭራሽ አያይም፤ ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚተኛው።

«ምን እናድርግ?» አልኳት።

«እኔንጃ። ሻይ አፈላለታለሁ» አለች።

ሰኔ 23

ራሱ ደወለ። «ነይ፣ ኮረብታው ላይ እንውጣ።» ይሄው ብቻ።

ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ባዶ እጁን ወጣ።

«አልነዳም። አንቺ የአንቺን ግፊ።»

የብስክሌቴን መቀመጫ በአንድ እጁ ያዘ። ሄድን። መሪውን ሳዞር እሱም ይዞራል።

«ድንጋይ አለ።»

«አየሁት።»

«ቦይ።»

ያላየውን ከእጁ አወቅሁ፣ መቀመጫውን ጠበቅ ያደርገዋል።

ዳገቱ መሃል ላይ ቆመ።

«ደግ አደረግሽ አልልሽም።»

«በለኝ አላልኩህም።»

«ይቅር ብዬሻለሁም አላልኩም።»

«እሺ ጋሼ።»

«ግን...» አለ። «መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ስደረድር አንዳንዴ አስበዋለሁ። አንዱን ልጅ ገጭቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።» መቀመጫውን ገፋ አደረገው። ቀጠልን።

ጫፉ ላይ ወጣን። ሸለቆው ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል። እኔ በአንዴ አየሁት፣ ሙሉውን። ማሳውን፣ ወንዙን፣ ማዶ የሚጠመዘዘውን ነጭ መንገድ። በማየቴ አፈርኩ። እሱ ከግራ ጀመረ። ትንሽ ያያል፣ ይቆማል፣ ራሱን ቀስ ብሎ ያዞራል፣ እንደገና ትንሽ ያያል። ልርዳው ብል በምን? ነፋሱ ላቤን አድርቆት በረደኝ።

«ጋሼ፣ እንውረድ? ሊመሽብን ነው።»

«ቆዪ» አለኝ። «ገና ወንዙ ጋ አልደረስኩም።»

ቆየሁ።