የኔታ ለእኔ ዜማ ሲያሰሙ

…ያኔ ዜማ ስንማር የኔታ ገብረጻድቅ ጮኸውብን አያውቁም፤ ስንስት ጉልበታችንን በጣታቸው ነካ ያደርጉና… ዛሬ ይህንን ሳስብ ዋልኩ፣ ገብረየስ ወንድሜ።

ሀዋሳ ነኝ፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እርሳቸው ቤት። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። የነገውን ማኅሌት ራሳቸው ይምሩ ወይስ ለወጣቶቹ ይተዉ፣ ገና አልቆረጡም። እኛ ጋ ደብረ ማርቆስ አንዱ መሪጌታ ቢደክም ዐሥር ይተካዋል፤ እዚህ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የመሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

«ተቀመጥና ስማኝ» አሉኝ። «ስስት ጉልበቴን ንካኝ። እንዳታፍር።»

ድምፃቸው ያው የምታውቀው ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን በዕዝል ስልት የጀመሩት ዜማ ሳይታወቃቸው ወደ ሌላው ስልት፣ ወደ አራራይ ሄደ። ጀማሪ ተማሪ እንኳ የማይስተው ስሕተት ነው። እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

«ስንቴ ሳትኩ?»

«አልሳቱም፣ የኔታ።»

«አይ አንተ፣ ልብ ወለድ ስትጽፍ ከርመህ መዋሸት ለመድክ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እውነቱን ግን አልተናገርኩም።

ነገ በሕዝብ ፊት ቢስቱ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ ብትሆን ትነካቸው ነበር? እኔ እንጃ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ዕፀገነትን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ፣ የትንሿን ሁለቱንም ጉንጭ።

የኔታ አሁን ጓዳ ገብተው ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይዘውታል። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ልክ የሳቱበት ቦታ ሲደርሱ አቋረጡት። የጓዳውንም በር ዘጉት።