ከዛፍ የወረደው ቀፎ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አልሄድም ብዬ ነበር ያደርኩት። ጠዋት ባጃጁ በራፍ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ ግን ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

የንብ ማነብ ስልጠና ነው፤ አማን ከተማ፣ ሦስት ቀን። ከወንዶቹ መሀል ሴት እኔና አንዲት የሸኮ ሴት ብቻ ነን። መመዝገቢያው ላይ «የትምህርት ደረጃ» ይላል። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው። በመጨረሻ «አነባለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አሰልጣኟ ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት፣ ልጄ ብትሆን የመጨረሻዋ ትሆን ነበር። አየችው፣ አልሳቀችም። «ይበቃናል፣ እትዬ ብርቄ» አለችኝ።

ለምን እንደሄድኩ እዚህ ልጻፈው። ባለቤቴ ማቴዎስ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ከሰቀላቸው ቀፎዎች የቀረው አንድ ነው፣ ከቤቱ ጀርባ ትልቁ ዛፍ ላይ የተሰቀለው። በየዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ያዕቆብ እየወጣ ማሩን ቆርጦ ያመጣልኛል። ዘንድሮ ጉልበቱ አብጧል፣ ያነክሳል። «እወጣለሁ» ይላል። ሌላ ሰው ይውጣ ስለው ይቆጣል። ቀፎው መሬት ላይ ቢሆን ግን ማንም ዛፍ መውጣት አያስፈልገውም።

አንድ ወረቀት አለኝ፣ ስለ ንብ፣ ግማሹ የተቀደደ። «ቀፎው ከመከፈቱ በፊት» ይልና ያልቃል። ከመከፈቱ በፊት ምን? ስንት ዓመት አስቤበታለሁ። ዛሬ ትዕግሥት ነገረችን፤ ጢስ። ቀስ ያለ፣ ሁለት ሦስቴ በበሩ በኩል። ብቻዬን ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። ሰው ፊት ነው የምቀመጠው ብዬ ትናንት ፀጉሬን ለጋ ቅቤ ተቀብቼ ነበር። ቀፎው ሲከፈት ንቦቹ ሌላውን ሁሉ ትተው ወደ እኔ። ሁለቱ የፊት መሸፈኛዬ ውስጥ ገቡ። ሦስት ቦታ ተነደፍኩ፣ አንዱ ቅንድቤ ላይ።

«ቅቤ ነው?» አለች ትዕግሥት። «ወይኔ፣ ቅቤና ሽቶ ያስቆጣቸዋል ማለት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሸኮዋ ሴት «ለሠርግ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሚዜዎቼ ግን በዙ» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እኔም መሸፈኛዬን አጥብቄ ተመለስኩ።

ማታ ያዕቆብ መጣ። ዓይኔን አይቶ «ማን መታሽ?» አለ። ስልጠናውን እስካሁን አልነገርኩትም ነበር። ነገርኩት። ቀፎውን አውርጄ ንቦቹን ወደ ሳጥን ላዛውር እንደሆነም ነገርኩት።

«ንብ የዛፍ ነው፣ እትዬ። መሬት ላይ ያለ ቀፎ የጉንዳን ራት ነው።» ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስልጠናው አለቀ። ሳጥን ቀፎ ሰጡን፣ ፍሬም የሚሏቸው የሰም እንጀራ መያዣ የእንጨት ክፈፎች ውስጡ ተደርድረው። ባጃጅ ላይ አቅፌው መጣሁ።

እንዳልረሳ፦
አውራ የምንላት ሴት ናት። እንቁላል የምትጥለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ከሞተች ቀፎው አለቀ።
ማዛወር ወደ አመሻሹ ነው፣ ፀሐይ ስትበርድ።
እጅ አይቸኩልም።
ከተዛወሩ በኋላ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ይዘው መግባት ከጀመሩ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ያዕቆብ ጠዋት አልመጣም። ማቴዎስ ከሞተ ጀምሮ ሳይመጣ የቀረበት ጠዋት ትዝ አይለኝም። ማታም አልመጣም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጎረቤታችን ታረቀኝ ወጥቶ ቀፎውን በገመድ አወረደው። ትዕግሥት በሞተር መጥታ ነበር። ያዕቆብ አጥሩ ውጭ ቆሞ አየሁት። ግባ ብለው አልገባም። ገመዱ ሲላላ ግን ጮኸ፤ «አታዙረው! እንጀራው ይሰበራል! ቀስ!» ታረቀኝም ቀስ አደረገ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከፈትነው። እጭ ያለበትን የሰም እንጀራ ቆርጠን በክር ፍሬሙ ላይ አሰርን። የቀሩትን ንቦች ሳጥኑ ውስጥ አራገፍናቸው። አውራዋን ግን አላገኘናትም። እኔም ፈለግኋት፣ ትዕግሥትም ፈለገቻት። አንድ እፍኝ የሚሆኑ ንቦች ሣሩ ላይ ቀሩ። ከእነሱ ጋር ብትሆንስ? ረግጫት ቢሆንስ?

ዞር ስል ያዕቆብ አጥሩ ጋ የለም።

ማቴዎስ የሰቀለውን ቀፎ ነው ያፈረስኩት። ካልሆነልኝ የሚቀረኝ ባዶ ሳጥን ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጉንዳን። ጠዋት ስወጣ በሳጥኑ ማቆሚያ አንድ እግር እየወጣ ነው። እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ ተብዬ ነበር፣ ዘይቱን ዛሬ እገዛለሁ ብዬ አቆየሁት። በመጥረጊያ ጠረግኩት፣ ተመልሶ መጣ። መጥረጊያውን ጥዬ ያዕቆብ ቤት ሄድኩ።

«ያልከው ሆነ» አልኩት።

አላልኩሽም? ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ከምድጃው ጥግ አንድ ጆንያ አመድ ተሸክሞ እያነከሰ ቀደመኝ። በሳጥኑ ዙሪያ ወፍራም አድርጎ በተነው። ጉንዳኑ ቆመ፣ ዞረ፣ ሄደ።

ለትዕግሥት ደወልኩ። አመዱን ስነግራት «ማነው ያሳየሽ? ስጪኝ እስቲ» አለች። ስልኩን ሰጠሁት። ንብ እንዲወደው ቀፎን በየትኛው ቅጠል እንደሚያሹት፣ በየትኛው እንደሚያጥኑት ጠየቀችው። ብዙ አወሩ። በመሀል «ቆይ፣ ልጻፈው» ስትል ተሰማኝ። ያዕቆብ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረላት።

ከዘጋ በኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ማሩን ልቀማህ ብዬ አይደለም» አልኩት። «ወድቀህ እንዳልቀብርህ ነው።»

«አውቃለሁ።» መሬቱን በእንጨት ጫረ። «ማር ሳልይዝ ግን ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ያን ሁሉ ቀን ኩርፊያ መስሎኝ ነበር።

«ባዶ እጅህን ና» አልኩት። «ባዶ እጅህን መጥተህ ሻይህን ጨርስ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጥቂት ንቦች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እግራቸው ላይ ምንም የለም። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሄጄ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። ግራዋው ሁሉ አብቧል፣ እነሱ ግን ባዶ እግር።

ያዕቆብ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። «ድምፅ አለ» አለ። «የሐዘን ድምፅ ነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ፣ የሳጥን ድምፅ አላውቅም» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ ደስ አለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ሄድኩ። አንዷ ስትገባ እግሯ ላይ ቢጫ ነገር አየሁ። ዓይኔ ነው አልኩ። ሌላዋ መጣች፣ ቢጫ። ሦስተኛዋ ነጣ ያለ ይዛ መጣች። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ስደውልላት ትዕግሥት «ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ሳይታይ አይታመንም። ሐሙስ ክፈቺው» አለች። ብቻዬን? «ብቻሽን።»

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ፀጉሬን በሳሙና ብቻ ታጥቤ ወጣሁ። ያዕቆብ ቀድሞኝ ደርሶ ሳጥኑ ጎን ቆሟል።

«እስቲ አሳዪኝ» አለ። «ስንት ዓመት ስቆርጥ አውራውን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። በጨለማ ነው የምንቆርጠው፣ በጢስና በሩጫ።»

መሸፈኛውን ለእሱ ሰጠሁት፣ እኔ በነጠላ ተሸፈንኩ። አጨስኩ፣ ጠበቅኩ፣ ከፈትኩ። ያሰርነው እንጀራ ፍሬሙ ላይ ተጣብቋል፤ ክሩን ራሳቸው በአፋቸው እየበጣጠሱ ነው። ሁለተኛውን ፍሬም ሳነሳ ረጅሟ አውራ እዚያው ነበረች፣ ቀስ እያለች ስትሄድ ሌሎቹ መንገድ ይለቁላታል።

«ያቻት» አልኩት።

ተንበረከከ፣ በዚያ ጉልበቱ። ትንፋሹ እንዳይነካት አፉን በእጁ ይዞ አያት። «ሴት ናት ነው የምትይኝ?»

«ሴት ናት።»

«እኛ እኮ ስንት ዓመት አውራው፣ አውራው ስንል።» ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ «ማቴዎስ ቢያያት» አለ።

ክዳኑን ዘጋሁ። መነሳት አቃተውና ትከሻዬን ይዞ ተነሳ። ሻዩን ጠጣ፣ ጨረሰው። ሊሄድ ሲል ወደ ሳጥኑ ተመልሶ በስንዝር ሲለካው አየሁት፣ ቁመቱን፣ ወርዱን።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው» አለና እንደገና ለካው።

ሳጥን በስንዝር አይሠራም፣ ትንሽ ከሳተ ፍሬሙ አይገባም። አልነገርኩትም። ነገ ሜትሩን ይዤለት እሄዳለሁ።