እባክዎ ይሙቱ፣ ሚስስ ፔግለር

ጁላይ 6
ባቄላ ፈለፈልኩ። ዝናብ። ሞሪን መጣች፤ በየዓመቱ ኦገስት ላይ፣ በንጉሡ ያመፁ ባላባቶች ያለቁበትን የጥንቱን የኤቭሻም ጦርነት በሜዳ ትርዒት የምታሳየን እሷ ናት። ዳር ዳር አለች...
"ከአመፀኞቹ ባላባቶች ወገን አንድ ጦረኛ ጎድሎናል። ቦታውን ለሌላ ሰው ብሰጠው ይከፋሻል?"
የሮዋን ቦታ። ልጄ ሰባት ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ በጨዋታ ሞቷል። አምና ኦክቶበር ግን፣ በሞተር ብስክሌቱ... የእውነት።
"ለማንም አትሰጪም። እኔ እሞትበታለሁ" አልኳት።
ምን ነካኝ? ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ጁላይ 13
የጦር ቀሚሱን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ደረቱ ላይ የአመፀኞቹ ነጭ መስቀል፣ ትከሻው ላይ ያምናው የሣር እድፍ። አላጠብኩትም፤ አላጥበውምም። የልጄ ሽታ አለበት። ጎኑን ብቻ ለቀቅ አደረግኩ። ዳቦ አብዝቻለሁ...

ጁላይ 27
ልምምድ። የሚገድለኝ ክላይቭ ነው። የአውቶብስ ሾፌር፣ ትርዒቱ ላይ የንጉሡ ፈረሰኛ፤ ፈረስ ግን የለውም። የሮዋን ጓደኛ ነበር፤ በየዓመቱ የሚገድለውም እሱ። የእንጨት ጎራዴውን አነሳና መልሶ አወረደው።
"አልችልም፣ ሚስስ ፔግለር።"
"ሮዋንን እንዴት ትችል ነበር?"
"እሱማ ሳልነካው ነበር የሚወድቀው። ፀሐይ ሊሞቅ። አንዴማ ሬሳው አንኮራፋ!"
ሳቅኩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ። ነውር ይሆን?

ኦገስት 3
ዛሬ ነበር። ጋሻ ስሸከም ውዬ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል።
ኮረብታው ላይ ባንዲራ ታየ። የኛ ባንዲራ! ሊረዱን መጡ ብለን ዘለልን። ወዲያው ታወቀ፤ የንጉሡ ልጅ ከኛ ሰዎች ማርኮ ለራሱ ወታደሮች ያስያዘው ነው። ሰባት መቶ ስድሳ ዓመት ሙሉ በዚሁ እንሸወዳለን። እያወቅኩ ተሸወድኩ!
ክላይቭ ደረሰና መታኝ። አልወደቅኩም። ደገመኝ። ጋሻዬን አነሳሁ።
"እባክዎ ይሙቱ!"
"ገና ነኝ!"
"የንጉሡ ወገን ማሸነፍ አለበት እኮ!"
"የራሱ ጉዳይ!"
ከተመልካቹ አንዱ "በርቱ፣ እማማ!" ብሎ ጮኸ። ለምን እንደማልወድቅ የማውቀው እኔ ነኝ... ከወደቅኩ የሮዋን ነገር የሚያልቅ መሰለኝ።
ሞሪን በድምፅ ማጉያ፦ "አመፀኞቹ በሙሉ አልቀዋል... ከአንዲት በስተቀር።"
ሳቅ ጉልበቴን ቆረጠው። ተዘረርኩ።
ሣሩ ይሞቃል። ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ይሄን እያየ ነበር የሚተኛው?
አጠገቤ ያለው ሬሳ "ሆድዎ ይንቀጠቀጣል፤ ሬሳ አይስቅም" ይለኛል፣ ራሱ እየሳቀ።
በመጨረሻ እንደ ልማዷ ሞሪን ተጣራች፦ "ሙታን ተነሡ!" ሁሉም ሣሩን እያራገፈ ተነሣ። እኔ ቆየሁ። ግራ ቀኝ አየሁ... ማንን ነበር የምጠብቀው?
ክላይቭ እጁን ዘረጋልኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "ይነሡ፣ ሚስስ ፔግለር። ቢራው ያልቅብናል።"
ተነሣሁ።

ኦገስት 5
ቀሚሱን አጠብኩ። የሣሩ እድፍ አልለቀቀም። የሱ የቱ ነው፣ የኔ የቱ? መለየት አቃተኝ።
ገመዱ ላይ ነፋስ እጅጌውን ያወዛውዘዋል። ለሞሪን ደወልኩ። ለከርሞም ስሜን ጻፊ፤ ክላይቭንም ጠንከር አድርጎ ይምታ በይው አልኳት።